«ነቅዬው ነበር እኮ»

ልጄ፣

ትናንት ማታ ወንድምሽ ደውሎ ነገረኝ። እንዳትቆጪው። ድምፁ ልክ አልነበረም፣ ምን ሆናችሁ ነው ብዬ ይዤ አልለቅ አልኩት፣ በመጨረሻ አወጣው። የጓደኛሽን ሞኒተር ልትጠግኚ ከፍተሽ ፓወር ሰፕላዩ (ኮረንቲ የሚያከፋፍለው ክፍል) ላይ ኮረንቲ እንደነዘረሽ፣ እስከ ክርንሽ ድረስ እንደደነዘዘሽ፣ ለእኔም ለእናትሽም እንዳይናገር እንዳስማልሽው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም። እናትሽ እስካሁን አልሰማችም። ከእኔ ሳይሆን ከአንቺ ትስማው፣ በዚህ ሳምንት ደውለሽ ንገሪያት።

እጅሽ እንዴት ነው? ጣትሽ ላይ የተቃጠለ ነገር ካለ፣ ወይም ልብሽ ያለ ልክ ሲመታ ከተሰማሽ፣ ይህን ደብዳቤ ሳትጨርሺ ሐኪም ጋ ሂጂ። ደህና ነኝ አትበይኝ። ሂጂ፣ ታይተሽ ንገሪኝ።

እሺ። አሁን ልቆጣሽ።

«ግን እንዴት ብላ ነው የነካችው?» ስለው ወንድምሽ አንቺ ያልሽውን ደገመልኝ። «ነቅዬው ነበር እኮ።» ይህን ስሰማ ጉልበቴ ከዳኝ። ለምን እንደሆነ እደርስበታለሁ።

ነቅለሽዋል፣ አምንሻለሁ። ከሶኬት መንቀል ግን አንድ ነገር ነው፣ ኤሌክትሪኩ ከውስጥ መውጣቱ ሌላ ነገር ነው። 220 ቮልቱ ኮረንቲን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉትን ዳዮዶች አልፎ ዲሲ፣ ማለትም ባለ አንድ አቅጣጫ ሲሆን፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመውን ትልቁን ካፓሲተር እስከ ሞገዱ ጫፍ ይሞላዋል። 220ን በ1.414 አባዢው፣ 311 ቮልት ገደማ ነው። ገመዱን ስትነቅዪ ያ 311 ቮልት መሄጃ ከሌለው እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቅሻል። ደህና የሚሠራ ዕቃ ሲነቀል ራሱ የቀረውን ይጨርሰዋል። የሞተ ፓወር ሰፕላይ ግን የሚጨርስለት የለም። ቀስ እያለ የሚያራግፈው ሬዚስተር (ኮረንቲን የሚገድብ ዕቃ) ጎኑ ላይ ቢኖርም፣ የተበላሸ ዕቃ ውስጥ እሱስ ደህና ነው ያለሽ ማን ነው?

ሳትለኪ አትንኪ። አንቺ ራስሽ ብትነቅዪውም፣ ጓደኛሽ ነቅዬዋለሁ ብትልሽም፣ እኔ አባትሽ ነቅዬዋለሁ ብልሽም፣ ሳትለኪ አትንኪ።

ወንድምሽ ሌላም ነገር ነገረኝ። እሱን እንኳ ሳያስበው ነው ያመለጠው። ላብ (ላቦራቶሪ) ላይ የምትለካው አብራሽ የምትሠራው ልጅ ናት፣ አንቺ ቁጥሮቹን ከእሷ ትገለብጫለሽ። የኤሲ ሰርኪዩት (አቅጣጫው የሚለዋወጥ ኮረንቲ የሚዞርበት መስመር) ፈተናም ወድቀሻል። ለሚቀጥለው ሴሚስተር ሰርኪዩቱን ትተሽ ወደ ፕሮግራሚንግ ብቻ ልትዞሪ አስበሻል። ፈተና መውደቅ አላስቆጣኝም፣ ሙች። መገልበጡ ነው ያንገበገበኝ።

የአጎትሽን ክንድ ታውቂዋለሽ። ልጅ ሳለሽ ጠባሳውን በጣትሽ እየተከተልሽ «ይሄ መንገድ ወዴት ነው የሚሄደው?» ትይው ነበር፣ እሱም ይስቃል። ቆርቆሮ ቆርጦት ነው ተብሎ ነው የተነገራችሁ። ቆርቆሮ ነው የቆረጠው፣ እውነት ነው። ግን ሙሉው እውነት አይደለም።

ያኔ ቀን ሬዲዮና ቴሌቪዥን እጠግናለሁ፣ ማታ ኮሌጅ እማራለሁ። አንቺ የምትማሪውን ነበር የምማረው፣ ኮምፒውተሩ ሲቀር። አንድ ሳምንት የነበረን ላብ የካፓሲተር ነበር። ካፓሲተሩን ትሞያለሽ፣ በሬዚስተር ታራግፊዋለሽ፣ በየአምስት ሴኮንዱ ቮልቱን እየለካሽ ትጽፊያለሽ፣ ከዚያ ቮልቱ እንዴት እንደሚወርድ የሚያሳየውን መስመር፣ ከርቩን፣ ትስያለሽ። ሥራ በዝቶብኝ ቀረሁ። በማግስቱ የጓደኛዬን ደብተር ለምኜ ቁጥሮቹን ገለበጥኩ፣ ከርቩንም ከእሱ አሳምሬ ሳልኩት። አንድ አርሲ (ሬዚስተሩ በካፓሲተሩ ሲባዛ የሚገኘው ጊዜ) ሲያልፍ ቮልቱ ወደ 37 በመቶ ይወርዳል፣ አምስት አርሲ ሲያልፍ ከ1 በመቶ በታች ይሆናል ብዬ በእጄ ጽፌያለሁ። ከ10 ዘጠኝ ሰጡኝ። ምንጩ ተነቅሎ ሳለ ቮልት መለኪያው ቴስተር ላይ ቁጥሩ እንዳለ ቆሞ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ሲወርድ ግን በዓይኔ አላየሁም። ያንን አንዴ ያየ ሰው «ነቅዬዋለሁ» ብሎ አይዝናናም። እኔ አላየሁም።

ቀናት አላለፉም፣ አንድ የቀለም ቴሌቪዥን መጣ፣ የድሮው ባለ ቱቦ። ያ የሥዕል ቱቦ ራሱ እንደ ካፓሲተር ነው፣ መስታወቱ በውስጥም በውጭም ኮረንቲ በሚያስተላልፍ ነገር ተቀብቷል፣ በቀለም ቴሌቪዥን ላይ ከ20 ሺህ ቮልት በላይ ይያዛል። አጎትሽ ገና 17 ዓመቱ ነበር፣ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ያግዘኝ ነበር። ከቱቦው ጎን ያለችውን የጎማ ክዳን እያየ «ላውልቀው?» አለኝ። ሌላ ዕቃ ላይ አቀርቅሬያለሁ። ቀና ብዬም አላየሁት። «ነቅዬዋለሁ፣ አውልቀው» አልኩት።

ኮረንቲው አልገደለውም። ግን እጁ በድንጋጤ ወደ ኋላ ሲፈናጠር የቴሌቪዥኑ የውስጥ ቆርቆሮ ከእጅ አንጓው እስከ ክርኑ ተረተረው። ደሙን በምን እንዳቆምኩት ዛሬ አላስታውስም። የማስታውሰው እሱ እኔን «አይዞህ» ሲለኝ ነው።

እስከ ዛሬ አንድ ቀን «አውልቀው ያልከኝ አንተ ነህ» ብሎኝ አያውቅም። እኔም ያን ሳምንት ላብ መቅረቴን ነግሬው አላውቅም። ኮሌጁን ለምን እንዳቋረጥኩ ሰዎች ሲጠይቁኝ ሒሳቡ ከበደኝ እላለሁ። ለእናትሽም ያልኳት ይህንኑ ነው። ሒሳቡ አልከበደኝም። ያንን ባለ ዘጠኝ ወረቀት ካየሁ በኋላ ላብ መግባት አቃተኝ። አፈርኩ፣ ለማንም ሳልናገር ቀረሁ። አንድ አስተማሪ ጠርቼ «ይህን ሳልሠራ ነው የገለበጥኩት፣ እንደገና አሳየኝ» ብል ኖሮ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም ነበር።

አንቺ ሂጂና በዪ። ሰኞ የላብ ረዳቱን ፈልጊ፣ ያልሠራሻቸውን ንገሪው፣ ላቡ ባዶ በሚሆንበት ሰዓት እንዲያስገባሽ ለምኚው። የካፓሲተሩን መጀመሪያ ሥሪ። ውጤት ቢቀንሱብሽም ይቀንሱብሽ።

ስለ ኤሲው ደግሞ፣ ጄ የምትባለዋን ፊደል አትፍሪያት። የሒሳብ ሰዎች አይ ይሏታል፣ በእኛ ሙያ አይ የከረንት፣ የኮረንቲው ፍሰት፣ ምልክት ስለሆነ ነው ጄ የተባለችው። ሰውን የሚያስበረግገው ምናባዊ ቁጥር የሚለው ስም ነው። ቁጥሩን እንደ ቀስት አስቢው፣ በጄ ማባዛት ቀስቱን ሩብ ዙር፣ 90 ዲግሪ ማዞር ነው። ሁለቴ ካዞርሽው ወደ ኋላ ይጠቁማል፣ ጄ በጄ ሲባዛ ኔጌቲቭ አንድ የሚሆነው ለዚህ ነው። ካፓሲተር ላይ ከረንቱ ቮልቱን በዚያች ሩብ ዙር ይቀድመዋል። እኔ ይህ የገባኝ ኮሌጁን ከተውኩ ከዓመታት በኋላ ነው። አንድ ሰው ያስጠገነውን ኦሲሎስኮፕ (የኮረንቲን ሞገድ በስክሪን የሚያሳይ ዕቃ) ስሞክር የቮልቱንና የከረንቱን ሞገዶች አንድ ላይ አየኋቸው፣ አንዱ ጫፍ ሲደርስ ሌላው ዜሮ ላይ። ብቻዬን ቁጭ ብዬ ለረጅም ሰዓት አየሁት። አንቺ ያ ዕቃ በየሳምንቱ ፊትሽ ተቀምጧል፣ ቁልፉን የምታዞረው ግን ጓደኛሽ ናት።

ፕሮግራሚንግ ብቻ ይበቃኛል የምትይውን ነገር እስቲ እናስበው። ዲጂታል ሎጂክ ላይ ኤ ስታመጪ የደወልሽልኝ ትዝ ይልሻል? ሻነን የሚባለው ሰው እ.ኤ.አ. በ1937 ለማስተርሱ በጻፈው ጥናት የቡል አልጀብራ (እውነትና ሐሰትን የሚያሰላው ሒሳብ) እና የሪሌ (በኮረንቲ የሚከፈትና የሚዘጋ ማብሪያ) ሰርኪዩት አንድ ነገር መሆናቸውን እንዴት እንዳሳየ በስልክ አስረዳሽኝ፣ ደስታሽ እኔንም ያዘኝ። እዚያ ውስጥ እኮ ሰርኪዩትና ሎጂክ አልተለያዩም። ያቺ ትንሿ መኪናሽስ? ዕረፍት ላይ ሳለሽ የሠራሻት። ሞተሩ በተነሳ ቁጥር ሰሌዳዋ ሪስታርት እያደረገች ሦስት ሌሊት ኮዱን ስትበረብሪ አደርሽ። ኮዱ ምንም አልነበረበትም። ሞተሩ ሲነሳ ብዙ ከረንት ይጎትታል፣ የባትሪው ቮልት ለቅጽበት ይወድቃል፣ ሰሌዳዋ ላይ ያለው ትንሽ ኮምፒውተር፣ ማይክሮኮንትሮለሩም ይጠፋል። አንድ 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ባትሪው ላይ ስናደርግ ቆመ። ሦስት ሌሊት ያሳጣሽ የካፓሲተር አለመኖር ነው፣ አሁን እጅሽን የመታሽም ካፓሲተር ነው፣ ላብ ላይ ከጓደኛሽ የገለበጥሽውም እሱን ነው። ትተሽው ብትሄጂም ተከትሎሽ ይመጣል፣ ልጄ። ኮርሱን ድገሚው። የምትዞሪም ከሆነ አልፈሽው ዙሪ፣ ያኔ አልከለክልሽም።

ዕቃ ስትከፍቺ የአያትሽን ቀለበት አውልቂ። እንደምትወጃት አውቃለሁ፣ እንደማታወልቂያትም አውቃለሁ፣ አውልቂያት። ማታ ደክሞሽ፣ ብቻሽን ሆነሽ አትክፈቺ። የካፓሲተሩን ሁለት እግር በካቻቪቴ አታገናኚ፣ ብልጭታው ዓይንሽን ሊመታ ይችላል። ባለ ቱቦ ዕቃ ከመጣልሽ ጭራሽ አትክፈቺው፣ ለእኔ ላኪው።

ወንድምሽ ቅዳሜ ሲመጣ ሁለት ነገር ይዞልሽ ይመጣል። አንዱ እኔ የሠራሁልሽ ማራገፊያ ነው። 10 ኪሎ ኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር ነው፣ ሁለቱንም ጫፍ በወፍራም ፕላስቲክ ሸፍኜዋለሁ። በአንድ እጅ ብቻ እየሠራሽ ካፓሲተሩ ላይ አሥር ሴኮንድ ያዢው። ሌላው ቴስተሬ ነው፣ ገመዶቹን በአዲስ ቀይሬያቸዋለሁ። ዲሲ ቮልት ላይ አድርጊው፣ ትልቁን ቁጥር ምረጪ። ካፓሲተሩን ከመለካትሽ በፊት መጀመሪያ አንድ ደህና ባትሪ ለኪበት፣ ምክንያቱም የሞተ ቴስተርም ዜሮ ነው የሚያሳየው። ከዚያ ካፓሲተሩን ለኪ። ጥቂት ደቂቃ ቆይተሽ ድገሚ፣ አንዳንዴ ከተራገፈ በኋላም ትንሽ ይመለሳል። ሳትለኪ አትንኪ።

ለአጎትሽ ዛሬ ማታ ልደውልለት ነው። ከአንቺ በፊት ለእሱ መንገር ነበረብኝ፣ አሁን ግን ጽፌዋለሁ። እስክነግረው ድረስ ብትደዋወሉ ስለዚህ ነገር አታንሺበት።

ሞኒተሩን እስከ ቅዳሜ አትንኪው፣ ጓደኛሽ ብትጨቀጭቅሽም። ሐኪሙ ያለሽንም ዛሬውኑ ላኪልኝ።

አባትሽ