ሰማያዊው ጠባሳ

ይድረስ ለወንድም ዓለሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? «እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» የምትለውን ቀጣይ መስመር መጻፍ ስላቃተኝ ነው ሁለት ዓመት የጠፋሁብህ። ስትደውልም ያላነሣሁት ለዚሁ ነው። ኩላሊቴ ታሟል።

ደም ግፊቴን ታውቃለህ፤ ክኒኑን ራሴን ሲያመኝ እውጣለሁ፣ ሲተወኝ እተዋለሁ። ሽንቴ እንደ ጠላ አረፋ ሲደፍቅ እንኳ ምንም አልመሰለኝም። የሚያመኝ ነገር አልነበረማ!

ባለፈው ወር ከኩላሊቴ በመርፌ ናሙና ተወሰደ። ሐኪሟ ፎቶውን በኮምፒውተር አሳየችኝ፤ ቀይ ሥጋ፣ በመካከሉ ሰማያዊ ድር። «ሰማያዊው ጠባሳ ነው» አለችኝ። ለካ ጠባሳ የሚሠራበትን ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን ለይቶ የሚያሳይ ቀለም ተቀብቶ ነው።

ከጎረቤት ኮክ ልንሰርቅ ስንገባ ቆርቆሮው ጉልበቴን የቀደደኝ ትዝ ይልሃል? ያ ቁስል ጠባሳ ሠርቶ ዳነ፣ አለቀ። የኩላሊት አያልቅም። አንዱ ኩላሊት አንድ ሚሊዮን ያህል ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉት። ግፊቱ እነርሱን በየቀኑ ያቆስላል፤ የቆሰለው ቦታ ቲጂኤፍ ቤታ የሚባል ኬሚካል እየላከ ጠጋኝ ሴሎችን ይጠራል፤ እነርሱም ኮላጅን ያፈስሳሉ። ቁስሉ ስለማይደርቅ ሥራችሁ አበቃ የሚላቸው የለም። የተከመረው ጠባሳ ቀጫጭን የደም ሥሮችን ያፍናል፣ አጠገቡ ያለው ጤነኛ ሥጋ ኦክስጅን አጥቶ ይሞታል፣ እዚያም ሌላ ጠባሳ። የተረፉት ማጣሪያዎች የሟቾቹን ድርሻ ደርበው ይሠራሉ፤ በዚህም ጫና ራሳቸው ይቆስላሉ። ክሪያቲኒን የሚባለው፣ ኩላሊት ከደም የሚያጣራውና በደም ምርመራ የሚለካው ቆሻሻ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከልኩ የሚያልፈው የኩላሊቱ አቅም በግማሽ ያህል ከወረደ በኋላ ነው። እኔ «ደህና ነኝ» እያልኩ ስዞር ውስጤ ይህ ሁሉ ጉድ ነበር።

ሰማያዊው ተመልሶ ቀይ አይሆንም፤ ይህን ሳታለሳልስ ነው የነገረችኝ፣ አመሰገንኳት። የቀረውን ለማቆየት ኢናላፕሪል እውጣለሁ፤ በማጣሪያዎቹ ውስጥ ያለውን ግፊት ይቀንሳል። ጨውም ቀርቷል።

አንተም የአባትህ ግፊት አለብህ። ለወገብህ የምትውጠውን ዲክሎፌናክ ሐኪም ሳታማክር አትድገም፤ ኩላሊትን ይጎዳል። ክሪያቲኒን ብቻ ለክተው ቢያሰናብቱህ እሺ አትበል፤ በሽንትህ ፕሮቲን እንዳለም ይዩልህ። ውጤቱን ጻፍልኝ።

እትዬን በጣም ሳምልኝ። ጨው የሌለው ሽሮ ምን ምን እንደሚል በሌላ ደብዳቤ አወራሃለሁ።

ወንድምህ