ፋይሉ እያለ «የለም» ሲባል

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሳምንት አንድ ተማሪዬ ላፕቶፑን ታቅፎ መጣ። የአባቱን በታይፕ የተመቱ የአማርኛ ጽሑፎች ስካን አድርጎ ወደ ፊደል ሊለውጥ ፈልጓል። ለዚህም ቴሰራክት የተባለውን፣ በምስል ላይ ያለ ጽሑፍ የሚያነብ ፕሮግራም፣ ከምንጭ ኮዱ ኮምፓይል አድርጎ (ኮዱን ኮምፒውተሩ ወደሚያስነሳው ፕሮግራም ለውጦ) ጭኗል። ጭነቱ ያለ ችግር አለቀ። ሲያስነሳው ግን «ሊብቴሰራክት የተባለውን የጋራ ላይብረሪ መክፈት አልተቻለም» የሚል መልእክት በእንግሊዝኛ ወጣበት። ላይብረሪ ማለት ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ኮድ ነው። ሦስት ጊዜ እንደ አዲስ ገነባው። ያው ነው። ኡቡንቱውን (የላፕቶፑን ኦፐሬቲንግ ሲስተም) ፎርማት ሊያደርገው ምንም አልቀረውም።

ፋይሉ እኮ አለ! «ዩኤስአር» ሥር፣ «ሎካል» ውስጥ፣ «ሊብ» የሚባለው ፎልደር ውስጥ ቁጭ ብሏል። ሲስተሙ ግን ላይብረሪ የሚፈልገው ቀድሞ ካዘጋጀው መዝገብ ነው፤ መዝገቡ ደግሞ አልታደሰም። መዝገቡን የሚያድሰውን ትእዛዝ፣ «ሱዶ ኤልዲኮንፊግ» (sudo ldconfig) ብለን ጻፍን። ወዲያው ተነሳ። የልጁን ፊት ብታዩት!

ቴሰራክትን የሚጠቀም የራሳችንን ፕሮግራም ስንገነባ የሚወጣው «አንዲፋይንድ ሬፈረንስ» (undefined reference) የሚለው ስህተት ግን ሌላ ነው። እዚያ ኮምፓይለሩ ሥራውን ጨርሷል፤ የተጠራውን ፈንክሽን (የኮድ ክፍል) ያጣው ሊንከሩ፣ ማለትም ኮዳችንን ከላይብረሪዎቹ ጋር የሚያያይዘው ፕሮግራም ነው። ላይብረሪው ተጭኖም ሊመጣ ይችላል፤ በትእዛዙ ላይ የተጻፉበት ቅደም ተከተል ሲዛባ። ሊንከሩ ከግራ ወደ ቀኝ ያነባል። ስለዚህ መጀመሪያ የራሳችን ፋይል፣ ቀጥሎ ቴሰራክት፣ ከዚያ ቴሰራክት የሚደገፍበት ሌፕቶኒካ የተባለው የምስል ላይብረሪ።

የቴክኖሎጂ ዓምዳችሁን ሁሌም አነባለሁ። ስለ አዳዲስ ስልኮች በደንብ ትጽፋላችሁ። እባካችሁ ለእንዲህ ዓይነቱም ነገር በወር አንዴ ግማሽ ገጽ ስጡልን። በአማርኛ የሚያስረዳቸው አጥተው የሚተዉት ልጆች ያሳዝኑኛል።

የኮምፒውተር መምህር፣ ከደሴ