ፖርሴሊን አይደለም፣ ጌጥ ብቻም አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ቻይና የጽህፈት ጠረጴዛ እቃዎች ያወጣችሁትን አንብቤ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር፣ ግን ከፎቶው ስር «የፖርሴሊን ጌጣጌጥ» የሚለው ስለከነከነኝ ነው ምጽፍላችሁ። እዛ ላይ ያሉት ኮክ የመሰለችው፣ ባለ አምስት ጫፍ ተራራው፣ የሎተስ ቅጠሉ፣ እነዛ ለውዞች፣ ሁሉም የይሺንግ ሸክላ ናቸው።

ይሺንግ ጂያንግሱ ውስጥ ታይ ሀይቅ አጠገብ ያለች ከተማ ነች፣ ናንጂንግ ስማር ሄጄ አይቻታለሁ። አፈሩን ዚሻ ይሉታል፣ ሐምራዊ አሸዋ ማለት ነው፣ ብረት ስላለበት ከ1,100 እስከ 1,200 ዲግሪ ሲቃጠል ቡናማ፣ ቀይ፣ ሐምራዊ ምናምን ይሆናል። ፖርሴሊን ነጭ ነው፣ ብዙ ጊዜም ላዩ ላይ እንደ መስታወት ሚያበራ ቅብ አለው። ይሄኛው ቅብ የለውም፣ የለውዝ ልጣጭና የዛፍ ቅርፊት እንደዛ ቁልጭ ብሎ ሚወጣውም ለዚህ ነው፣ ቅብ ቢፈስበት እኮ እያንዳንዷ ቀጭን መስመር ትደፈናለች!

ጌጥ መባሉ ደግሞ የባሰ ነው። የቻይና ቀለም ደረቅ ነው፣ ድንጋይ ላይ በውሃ እየፈጩ ነው ሚጽፉበት፣ እኛ ጋ የብራና ጸሐፊው የተበጠበጠ ቀለም በቀንድ ይዞ እንደሚቀመጠው አይደለም፣ እና ውሃው ከበዛ ቀለሙ ስለሚቀጥን ጠብ ጠብ ሚያደርግ እቃ የግድ ነው። ኮኳ እሷ ነች። ሁለት ቀዳዳ አላት፣ ላይኛውን በጣት ሲደፍኑት ውሃው ቀጥ ይላል፣ ሲለቁት ይንጠባጠባል። ተራራው ብሩሽ ማሳረፊያ ነው፣ እነሱም «የብሩሽ ተራራ» ነው ሚሉት። ቅጠሉ ብሩሽ መታጠቢያ።

ለውዞቹ እውነት ነው ስራ የላቸውም፣ በእጅ እያገላበጡ ለማየት ነው። ግን ቀኑን ሙሉ ከመንግስት ወረቀት ጋር ሲታገል የዋለ ሰው፣ ልቡ ገጠር፣ ተራራው ስር ሆኖ፣ ከፊቱ ያለችውን ለውዝ አንስቶ ሲዳስሳት ይታያችሁ። እንዲህ ያሉ የይሺንግ እቃዎችን በመስራት ስሙ የገነነው ቼን ሚንግዩዋን ነው፣ የቻይናው ንጉሠ ነገሥት ካንግሺ በነገሰበት ዘመን (እ.ኤ.አ. 1661–1722) የነበረ። ማህተሙን ብዙ ሰው ስለኮረጀው ስሙ ያለበት ሁሉ የሱ ነው ማለት ግን አይቻልም።

እባካችሁ በሚቀጥለው እትም ጽሁፉን አርሙልን፣ ፎቶም ደግማችሁ ካወጣችሁ የእቃዎቹን ቂጥ አሳዩን፣ ማህተሙ ብዙ ጊዜ ያለው እዛ ነው።

አክባሪያችሁ፣ የዘወትር አንባቢ