እናቴን «ደህና ናት» ያላት ወረቀት፦ ግልጽ ደብዳቤ ለክፍለ ከተማችን ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ኃላፊ፤

ማመልከቻዬ መዝገብ ቤታችሁ ገብቶ ቀረ። በመጣሁ ቁጥር «ይታያል» ከመባል በቀር መልስ ስላላገኘሁ፣ ይህን ሁሉም ሰው እንዲያነበው ጽፌዋለሁ።

እናቴ ዕድሜዋን ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ ስትወርድ ያሳለፈች፣ ፊደል ያልቆጠረች ሴት ናት። ወንድሜ ካረፈ ወዲህ እንቅልፍ የላትም። ዕድር መሄድ ትታለች፤ ረከቦቷ አቧራ ለብሷል። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ባለሙያዋ ፒኤችኪው-9 የሚባለውን የድብርት መጠይቅ አውጥታ ቀና ሳትል ማንበብ ጀመረች። ጋዜጣ ሲያነቡ ወይም ቴሌቪዥን ሲመለከቱ ሐሳብዎን መሰብሰብ ያቅትዎታል? «ኧረ ልጄ፣ እኔ ጋዜጣ አላነብም» አለች እናቴ። ዜሮ ተጻፈላት።

ካለፉት 14 ቀናት ውስጥ ሐዘን የተሰማዎት «ከግማሽ በላይ በሚሆኑት» ነው ወይስ «በተወሰኑት» ተብላም ተጠየቀች። ሐዘኗን በቀን ከፋፍላ ቆጥራ አታውቅም። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለሁ» አለች፤ እሱም ዜሮ ሆነ። ሞትን ስለ መመኘት የሚጠይቀው ዘጠነኛው ጥያቄ ደግሞ በሩ ተከፍቶ፣ ተራ የሚጠብቁ ጎረቤቶቻችን እየሰሙ ተነበበ። የትኛዋ እናት ናት እዚያ ላይ «አዎ» የምትለው? የመልሶቿ ነጥብ ድምር ለድብርት መነሻ ተብሎ ከተያዘው ከ10 በታች ስለሆነ «ደህና ናቸው» ተብለን ተመለስን። ደረቷን እንደሚያፍናት፣ ራሷን እንደሚያቃጥላት ስትናገር ማንም አልጻፈላትም።

መጠይቁ በአማርኛ ተጠንቶ መፈተኑን አውቃለሁ። ነገር ግን ሰው ራሱ አንብቦ እንዲሞላው የተሰናዳን ወረቀት ላልተማረ ሰው ጮክ ብሎ ማንበብ ብቻውን አይበቃም፤ ይህን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። «አዎ» ወይም «አይደለም» ብቻ የሚያስመልሰው፣ ስለ ራስ ምታት፣ ስለ ሆድ ሕመምና ስለ ድካም የሚጠይቀው የዓለም ጤና ድርጅት ባለ20 ጥያቄ መጠይቅ ቡታጅራ ላይ የተፈተነው እዚሁ አገራችን ውስጥ ነው። ታዲያ የእንጦጦ ሥር እናቶች በእሱ እንዳይጠየቁ ማን ከለከለ?

ቅጹ ለጤና ጣቢያዎች ከመታደሉ በፊት እንደ እናቴ ያሉ ሴቶች እያንዳንዱን ጥያቄ ምን ብለው እንደተረዱት በራሳቸው አንደበት ይናገሩ። የጋዜጣው ነገር ወጥቶ ምስር መልቀም፣ እንጀራ መጋገር ይግባ። እናቴ ደግሞ በሩን ዘግቶ በሚያዳምጣት ባለሙያ እንደገና ትታይ። ቀኑን በጽሑፍ እንዲያሳውቁኝ እጠይቃለሁ።