ለልጄ፦ ስለ አይጧና ስለ ሳጥኑ

ከሞላሌ፣ ኅዳር 22

ውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ውቂያው ብቻ ገና አላለቀም። እናትሽ በሶ አስፈጭታ ልካልሻለች። ከበሶው ጋር በጨርቅ የተጠቀለለው ሳጥን የአይጥ ወጥመድ ነው።

ደብረ ብርሃን በተከራየሽው ቤት አይጥ እንደገባችብሽ ጽፈሽ "ሳልገድላት ላስወጣት እፈልጋለሁ" ያልሽው ይቻላል። ግን ከመግደል የበለጠ ሥራ አለው፤ ትልቁም ሥራ በጠዋት ተነስቶ ማየቱ ነው። በሕይወት የሚይዝ ወጥመድ ሳይታይ ከዋለ ከሚገድለው ይከፋል። የሚገድለው በቅጽበት ይጨርሳታል፤ ይኸኛው ግን በጥምና በብርድ ቀስ እያለ ነው። ስለዚህ ማታ ስታጠምጂ፣ ጠዋት ፊትሽን ሳትታጠቢ ሳጥኑን እዪ። ከሥራ ስትመለሺም ድገሚ። ከ12 ሰዓት በላይ ሳይታይ አይቆይ። ወደዚህ የምትመጪ ቀን ሽቦውን ነቅለሽ፣ አፉን ዘግተሽ ነይ።

አስቀድመሽ ምን እንደሆነች ለዪ። የምትጥለው ካካ ከሩዝ ፍሬ ያነሰ፣ ጫፉ ሹል ከሆነ የቤት አይጥ ናት። 1 ሴንቲ ሜትር ካለፈና ወፈር ካለ አይጠ መጎጥ ነው፤ እሱን ይህ ሳጥን አይችለውም፣ ንገሪኝ። ብዙ ካካ አየሁ ብለሽም አትደንግጪ፤ አንዷ ብቻዋን በአንድ ቀን ሃምሳና ከዚያ በላይ ትጥላለች።

መንገዷን ለማወቅ አመድ ይበቃል። ከመተኛትሽ በፊት የከሰል አመድ በወንፊት ነፍተሽ በግድግዳው ሥር፣ በምድጃው ጀርባና በበሩ ደፍ ላይ ስስ አድርገሽ በትኚ። ጠዋት የፊት እግሯ አራት ጣት፣ የኋላው አምስት ጣት ሆኖ ታገኚዋለሽ፤ አንዳንዴም መሀል ለመሀል ጭራዋ የጎተተው መስመር ይታያል። ዱካው ከግድግዳው ብዙ አይርቅም፤ አይጥ ገላጣ ቦታ ትፈራለች፣ ጢሟን ግድግዳ እያስነካች ነው የምትሄደው። ሳጥኑን የክፍሉ መሀል ላይ ካኖርሽው ሳምንት ሙሉ ባዶውን ያድራል። ጎኑን ከግድግዳው አጣብቂው፣ አፉ ዱካው ወደሚመጣበት አቅጣጫ ይሁን። አከራይሽ ድመት ካላቸው ደግሞ አልጋ ሥር አስገቢው፤ ድመት ከወጥመድ አጠገብ ተቀምጣ ካደረች በውስጥ ያለችው በድንጋጤ ብቻ ልትሞት ትችላለች።

አሁን ሳጥኑ። ውስጡ 28 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፣ ስፋቱም ከፍታውም 8 ነው። ርዝመቱ ያለምክንያት አይደለም። የቤት አይጥ ከነጭራዋ እስከ 18 ሴንቲ ሜትር ትደርሳለች፤ ስትረግጠው መዝጊያውን የሚያስወርደው መርገጫ ወደ አፉ ቢጠጋ መዝጊያው ጭራዋ ላይ ይወድቃል። ለዚህ ነው መርገጫው መጨረሻው 9 ሴንቲ ሜትር ላይ የሆነው። ገበያ ላይ ያሉት ብዙዎቹ የሽቦ ሳጥኖች አጭር ናቸው፣ የሽቦው ዓይንም ለአይጠ መጎጥ የተሠራ ስለሆነ ትንሿ አይጥ በልታ ትወጣለች። ጭንቅላቷ ካለፈ ሌላው አካሏ ያልፋል፤ ጭንቅላቷ ደግሞ 6 ሚሊ ሜትር ይበቃዋል፣ ከእስክሪብቶ ውፍረት አይበልጥም።

አፉ ላይ ያለው ቆርቆሮ መዝጊያ በግራና በቀኝ በተፈለፈሉ ሁለት ፈፋዎች ውስጥ ይወርዳል። መዝጊያው ላይ አንዲት ቀዳዳ አለች፤ በሳጥኑ ጣሪያ የሚሄደው ሽቦ ጫፉ እዚያ ገብቶ መዝጊያውን አንጠልጥሎ ይይዛል። የሽቦው ሌላው ጫፍ ከመርገጫው ጋር ታስሯል። ስትረግጥ ሽቦው ወደኋላ ይሳባል፣ መዝጊያው በራሱ ክብደት ይወርዳል። ሥሩ ላይ አንድ ሚስማር አለ፤ መዝጊያው እሱ ላይ ሲያርፍ 4 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይቀራል። የጭራ ቦታ ነው፣ ጎድሎ መስሎሽ እንዳትደፍኚው።

የሚበላሸው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው፦ ሽቦው ቀዳዳው ውስጥ በጣም ሲጠልቅ። 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ይግባ። ከዚያ ካለፈ አይጧ ብትረግጥም አይለቅም፣ ምግቡን ጨርሳ ትሄዳለች፤ ጠዋት መዝጊያው እንደተንጠለጠለ ማታለያው ጠፍቶ ካገኘሽ ምክንያቱ ይኸው ነው። ከማጥመድሽ በፊት እንዲህ ፈትኚው፦ አንድ የሾርባ ማንኪያ ውሃ በፌስታል ቋጥረሽ መርገጫው ጫፍ ላይ በቀስታ አኑሪ። 15 ግራም ያህል ነው፣ የአንዲት ቀለል ያለች አይጥ ክብደት። መዝጊያው ከወረደ ደህና ነው። ካልወረደ ሽቦውን አሳጥሪ። ወርዶ መሀል ላይ ከቆመ ደግሞ እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ አብጧል፤ ፈፋውን በሻማ እሺው።

ማታለያውን በተመለከተ አይብ የሚባለውን እርሺው። ከበሶው አንድ የሻይ ማንኪያ ቆንጥረሽ በትንሽ ቅቤ ለውሺው፣ የሽንብራ ፍሬ የምታክል አድርገሽ መርገጫው ጫፍ ላይ ተጭነሽ ለጥፊ። የለውዝ ቅቤ ካለሽም ያው ነው። ቆሎ ብቻውን አይሆንም፤ ከበሩ አፋፍሳ ይዛ ትሮጣለች። ብዙ ማታለያም አይጠቅምም፣ ዳር ዳሩን እየበላች መርገጫው ላይ ሳትወጣ ትጠግባለች። "የሰው እጅ የነካውን አትጠጋም" የሚሉሽን አትስሚ። የቤት አይጥ ከሰው ሽታ ጋር ተወልዳ ያደገች ናት። ከዚያ ይልቅ ቤቱን ያዢ፦ የእንጀራ ፍርፋሪ ከሞሶቡ ሥር፣ ክክና ዱቄት በፌስታል ካደሩ ሳጥኑ ውስጥ ለመግባት ምን ጉዳይ አላት? እህሉን ክዳን ባለው ባልዲ አድርጊው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሌሊቶች አታጥምጂ። መዝጊያውን በክር አስረሽ ክፍት ተዪው፣ ማታለያውን ብቻ አኑሪ። ገብታ በልታ መውጣት ከለመደች በሦስተኛው ሌሊት ክሩን ፍቺ። ትዕግሥት ያነሰው ሰው የመጀመሪያውን ሌሊት አጥምዶ ግማሽ ገብታ ያስደነግጣታል።

የደብረ ብርሃን ብርድ የዚህ ሥራ ዋና ጠላት ነው። ከተማው 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ይወርዳል። 20 ግራም የማትሞላ እንስሳ ቆርቆሮ ላይ ካደረች ጠዋት ድርቅ ብላ ታገኚያታለሽ፤ ሰው ታዲያ "ደንግጣ ሞተች" ይላል። ሳጥኑን ከእንጨት ያደረግሁት ለዚህ ነው። ከመርገጫው ወዲህ፣ በጎን በኩል ደረቅ ጭድ ወይም በቀጭኑ የተቀደደ ጋዜጣ አድርጊላት፤ ከመርገጫው ሥር ግን እንዳይገባ፣ ሲወርድ ያግደዋል። የበግ ፀጉርና ክር አይሁን፣ እግሯ ላይ ይጠመጠማል። ከጭዱ ጋር አሥር ያህል የገብስ ፍሬና የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል የድንች ቁራጭ ጣይ። ድንቿ ውሃዋ ናት። ዕቃ ላይ ውሃ እንዳታስቀምጪ፤ ይደፋባታል፣ ከራሰች ደግሞ ሌሊቱን አታልፍም።

ባልዲ ላይ ጠርሙስ የሚያሽከረክሩትን ዘዴም ጠይቀሽኝ ነበር። ብዙ አይጥ ላለበት ጎተራ ጥሩ ነው፣ ለአንዲት ክፍል ግን አልመርጠውም። ካስፈለገ ባለ 20 ሊትር ባልዲ፣ በሁለቱ ጫፍ ተበስቶ ሽቦ ያለፈበት የግማሽ ሊትር ፕላስቲክ ጠርሙስ፣ መወጣጫ ጣውላ ይበቃል። ጠርሙሱ በጣት ሲነካ በነፃ ይሽከርከር። ባልዲው ደረቅ ይሁን፣ ሥሩ ላይ አራት ጣት ጭድ ይኑረው። ውሃ የሚያደርጉበት መስጠሚያ ነው፣ ያንቺ ሐሳብ እሱ አይደለም። ዘይትም አትቀቢው፤ ፀጉሯ ዘይት ከነካ አያሞቃትም። ሁለት ወንድ አይጦች አብረው ከወደቁ ይነካከሳሉ።

የሚያጣብቀውን ሙጫ እንዳትገዢ፤ ከሁሉም የከፋ እሱ ነው። መርዙም ቢሆን ብዙው ዓይነት ቀናት እያቆየ የሚገድል ነው፤ የደከመችውን አይጥ የአከራይሽ ድመት ከበላች እሷም ትታመማለች። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኼኔ ነው። አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ እነግርሻለሁ፦ ለእህል ነቀዝ የሚሸጠውን ኪኒን አይጥ ጉድጓድ ውስጥ ጨምሪው የሚልሽ ሰው ቢኖር እንዳትሰሚው። እርጥበት ሲያገኘው የሚያወጣው ጋዝ በግድግዳው ስንጥቅ አልፎ የተኛ ሰው ይገድላል። ጎረቤትሽ ቢያደርገውም እዚያ ቤት አትደሪ።

ከተያዘች በኋላ ሳጥኑን በጨርቅ ሸፍኚው፤ ጨለማ ያረጋጋታል። አትነቅንቂው፣ በእጅሽም አትያዣት፤ ትነክሳለች። በቀዳዳው አጮልቀሽ እዪ። አፍንጫዋ እንደ ወስፌ የሾለ፣ ዓይኗ እዚህ ግባ የማይባል ከሆነ አይጥ አይደለችም፤ ነፍሳት የምትበላ ሌላ ፍጥረት ናት፣ ጥቂት ሰዓት ከተራበች ትሞታለች፣ ወዲያው ደጅ ልቀቂያት። ሆዷ ላይ ጡቶቿ ጎልተው ዙሪያቸው ከተመለጠ ግልገል አላት። እዚህ ላይ ሰው የተለያየ ነገር ይላል፤ እኔ የምልሽ ጎጆዋን ፈልጊ ነው። ከምግቡ ብዙ አይርቅም፣ የተበጣጠሰ ጨርቅና ወረቀት ክምር ይመስላል። ጓንት አድርገሽ ጎጆውን ከነግልገሎቹ እንዳለ አንስተሽ አብረሽ ውሰጂያቸው። ካላገኘሽው እዚያው መልሰሽ ልቀቂያትና ሦስት ሳምንት ጠብቂ፤ ግልገል ራሱን የሚችለው ያኔ ነው። ከዚያ በላይ ግን አትቆዪ፤ እሷም በሦስት ሳምንት ድጋሚ ትወልዳለች።

የምትለቂያት ማታ 12 ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይ ስትገባ ነው። ቀን ከሆነ ጭልፊት አለ፤ ሌሊት ከሆነ ብርዱ ይቀድማታል። ደጃፍሽ ላይ ወይም ከአጥር ውጭ ከለቀቅሻት ካንቺ ቀድማ ትገባለች፤ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ራቂ። ወደ በሬሳ ወንዝ በኩል ቁጥቋጦ የበቀለበት የድንጋይ ካብ ፈልጊ፤ ማንም እህል ያልከመረበት፣ ጎተራና ማሳ ያልቀረበው። የራስሽን አይጥ የሰው ክምር ውስጥ ማስገባት ነውር ነው። የሳጥኑን አፍ ከካቡ ስንጥቅ ጋር አጋጥመሽ መዝጊያውን ሳቢና ሁለት እርምጃ ወደኋላ በዪ። አንዳንዷ አምስት ደቂቃ ትቆያለች፤ አታራግፊያት። ጭዱንና የቀረውን ገብስ እዚያው ካቡ ውስጥ ተዪላት። ከለቀቅሻቸው ሁሉም አይተርፉም፤ ቤት የለመደች አይጥ ሜዳ ላይ እንግዳ ናት። ይህን አውቀሽ ልቀቂ። በእኛ በመንዝ ያለውን የጓሳ ሜዳ ቀይ ቀበሮ የሚያኖረው አይጥ ስለሆነ ወደ እኛ ላምጣት እንዳትዪ ብቻ፤ እሱ የሚበላው የሜዳውን ነው፣ የከተማ አይጥ ይዞት የሚመጣው በሽታ ለሜዳው አይበጅም።

ቀዳዳው ካልተደፈነ ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው። ያንቺ ቤት ጭቃ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ ወለል ነው ብለሻል፤ ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ይሰነጠቃል፣ በዚያ ነው የምትገባው። የውሃ ቧንቧ የሚያልፍበትንና ኮርኒሱ ከግድግዳው የሚገናኝበትን እዪ፤ እስክሪብቶ ከገባ እሷም ትገባለች። ቀዳዳ ውስጥ ማታ ጋዜጣ ላላ አድርገሽ ወትፊ፤ ጠዋት ወጥቶ ካገኘሽው አይጧ በዚያ ትመላለሳለች ማለት ነው። ጭቃ ብቻ ካደረግሽበት በሁለት ሌሊት ትቆፍረዋለች። የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ በጣትሽ አጥብቀሽ ወትፊበት፣ በላዩ ሲሚንቶ ወይም በጭድ የተቦካ ጭቃ ለስኚ። በበሩ ሥር የቆርቆሮ ቁራጭ አስመቺበት። ነገር ግን ሦስት ተከታታይ ሌሊት ሳጥኑ ባዶ ካደረና አመዱ ላይ ዱካ ከጠፋ በኋላ ነው የምትደፍኚው፤ ቀድመሽ ከደፈንሽ ውስጥ የቀረችው ግድግዳው ውስጥ ሞታ ወር ሙሉ ትሸታለች።

ካካውን በደረቁ እንዳትጠርጊ፣ አቧራው ይተነፈሳል። በርና መስኮት ከፍተሽ ግማሽ ሰዓት አናፍሺ፣ ጓንት አድርጊ፣ አንድ ስኒ በረኪና በዘጠኝ ስኒ ውሃ በጥብጠሽ ርጪበት፣ አምስት ደቂቃ ቆይተሽ በጨርቅ አንሺው። ሳጥኑን ግን ሥራው እስኪያልቅ አትጠቢው፤ የቀድሞዋ ሽታ ሌላዋን ይጠራል። ሲያልቅ በዚያው በረኪና እጠቢና ፀሐይ ላይ አድርቂው።

ሳጥኑ ውስጥ በወረቀት የጠቀለልኩት ሽቦ ትርፍ ነው፤ የላይኛው ቢዝግ ቀይሪበት። ቁመቱን ከአሮጌው ጋር አስተያይተሽ ቁረጪ።

አባትሽ