የሥነ ሕይወት ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ዕንቁላሉን ማን ይታቀፋል?

ክበባችን ለዘንድሮ በዕቅዱ ያሰፈራቸው ሥራዎች ችግኝ ተከላ፣ የሥዕላዊ መግለጫ ዝግጅትና የጥያቄና መልስ ውድድር ነበሩ፤ ሦስቱም ተከናውነዋል። አባላቱን ከሁሉ ይልቅ ያተጋቸው ግን በዕቅዱ ያልነበረ ጉዳይ ነው። በጥቅምት ስብሰባ ላይ አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ፣ እናቷ ዶሮ ሲያስታቅፉ የታዘበችውን አንሥታ፣ «አውራ ዶሮው ሲጮህ ይውላል እንጂ ለምን ተራ አይገባም?» ብላ ጠየቀች። እኔም ወንዱ ሥራ የሚጋራባቸው አእዋፍ ብዙ መሆናቸውን ለማስረዳት ፔንግዊንን ጠቀስኩ፤ ጠቅሼ ላልፍ ያሰብኩት ምሳሌ ግማሽ ዓመት ወሰደብን።

ከፔንግዊኖች ሁሉ ትልቁ የሆነው ኤምፐረር የሚራባው በአንታርክቲካ ክረምት ነው፤ ያም የእኛ ክረምት ከሚገባበት ወራት ጋር ስለሚገጥም አባላቱ ለማስታወስ አልተቸገሩም። ሴቷ በግንቦት ገደማ አንድ ዕንቁላል ጥላ የደከመ ጉልበቷን ለመተካት ወደ ባሕር ትሄዳለች፤ ከመሄዷ በፊት ግን ዕንቁላሉን ከራሷ እግር ወደ ወንዱ እግር ማሻገር አለባት። ጎጆ የሚሠራበት ጭራሮ በሌለበት በዚያ ስፍራ በረዶ ላይ የቆየ ዕንቁላል ስለማይተርፍ፣ አንዳንድ ጥንዶች ገና በርክክቡ ላይ ልጃቸውን ያጣሉ። ወንዱ የተረከበውን በእግሮቹ ላይ አኑሮ፣ ከሆዱ ሥር ባለው የቆዳ እጥፋት ሸፍኖ 65 ቀን ያህል ይታቀፋል፤ ወደ መራቢያው ስፍራ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ ሲቆጠር ምግብ ሳይቀምስ ወደ 4 ወር ስለሚጠጋ ከክብደቱ እስከ 40 በመቶ ይቀንሳል። የጮቄ ተራራን ውርጭ የሚያውቁ ተማሪዎች ሳይቀሩ የዚያ ስፍራ ብርድ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ እንደሚደርስ ሲሰሙ ዝም አሉ። ወንዶቹ ይህን የሚችሉት ተጠጋግተው በመቆምና ከዳር ወደ መሐል፣ ከመሐል ወደ ዳር በመፈራረቅ ነው።

አንድ አባል «ታዲያ ሴቷ ሁለት ወር ስትበላ ትከርማለች?» ሲል ቅር ብሎት ጠየቀ። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ጫጩቱ ቀድሞ ከተፈለፈለ አባቱ ከጉሮሮው የሚያመነጨውን ወተት መሰል ፈሳሽ ያጎርሰዋል፤ ይህ ግን ለአጭር ጊዜ ብቻ ስለሚያቆይ እናቲቱ በሆዷ ይዛ የምትመጣው ቀለብ ካልደረሰ ጫጩቱ አይተርፍም። ስትመለስም ከሺዎች መካከል አጣማጇን በድምፁ ለይታ ጫጩቱን ትረከባለች፤ የከሳው አባት በተራው ወደ ባሕር ይወርዳል።

ፔንግዊን ከበረዶ ውጭ አይኖርም ብለው ያመኑ አባላት፣ በደቡብ አፍሪካና በናሚቢያ ዳርቻዎች የሚኖር የአህጉራችን ፔንግዊን መኖሩን ሲሰሙ ተከራከሩኝ። የእርሱ የሥራ አከፋፈል እንደ ኤምፐረሩ የከፋ አይደለም፤ ጥንዶቹ ሁለት ዕንቁላሎቻቸውን 40 ቀን ያህል በየተራ ይታቀፋሉ።

በጥር ወር ከንብረት ክፍሉ ኮርኒስ ሥር የተቀመጡ ርግቦች ሥራችንን ወደ ግቢያችን መለሱት። ወንድና ሴት ርግብ በመልክ ስለማይለዩ መጀመሪያ ተቸግረን ነበር፤ ደግነቱ አንደኛው የእግር ጣት የጎደለው ነበር። አባላቱ በየዕረፍቱ ሲመዘግቡ ጣተ ጎዶሎው ከረፋዱ 4 ሰዓት ገደማ ገብቶ እስከ 10 ሰዓት ድረስ ይታቀፋል፤ ከዚያ ሌላዋ ተረክባ ታድራለች። ቀን ወንዱ፣ ሌሊት ሴቷ መታቀፍ የርግብ የታወቀ ልማድ ስለሆነ ጣተ ጎዶሎውን ወንድ ነው አልን። ርግቦችም፣ ያውም ሁለቱም ወላጆች፣ ለጫጩቶቻቸው ወተት መሰል ምግብ ያመነጫሉ፤ ጠያቂዋ ተማሪ ይህን በሰማች ጊዜ ስለ አውራ ዶሮው የተናገረችውን እዚህ አልጽፈውም።

መዝገቡ ቅዳሜና እሁድ ባዶ ነው። ከሁለቱ ዕንቁላሎች አንዱ ደግሞ አባላት ለማየት መሰላል ባስጠጉበት ቀን ወድቆ ተሰብሯል፤ መሰላሉን የፈቀድኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ክትትሉ ከመሬት ብቻ ሆነ፤ የንብረት ክፍሉ ሠራተኛም ርክክቡ እንዳይረበሽ ብለው በሩን ከ4 ሰዓት ተኩል በኋላ ይከፍቱ ጀመር። የቀረችው አንዲት ጫጩት በመጋቢት በርራ ወጥታለች።