ዘይቱን በማንኪያ ለክታችሁ ጻፉልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው ሳምንት በምግብ ዓምዳችሁ ስለ ህንድ ዶሮ አሠራር ያወጣችሁትን አንብቤ ቆርጬ አስቀመጥኩት። ቅመሙ በሻይ ማንኪያ ተለክቷል። ጨው ሳይቀር ልክ አለው። ዘይቱ ጋ ስደርስ ግን «በበቂ መጠን» ይላል። ቀጥሎ አንድ ኩባያ ክሬም፣ ከዚያ ቅቤ «እንደ ፍላጎት»። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ይኸው ነው።

34 ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ባለቤቴ ከሦስት ዓመት በፊት ሲመረመር ኮሌስትሮሉ ከፍ ብሎ ተገኘ። ቅባት ቀንስ ተባለ። ዶሮ የሚወድ ሰው ነው። ልጆቻችን ሊያስደስቱት ብለው ወደ አንድ የህንድ ምግብ ቤት ወሰዱን። በመጣልን ወጥ ላይ ዘይቱ አንድ ጣት ያህል ተንሳፏል። ሁለት ጊዜ ጎርሶ ተወው። «የህንድ ምግብ ለእኔ አይሆንም» አለ። እኔ ግን ይህ ልክ እንዳልሆነ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ።

ያደግሁት ደብረ ማርቆስ ነው። በ1960ዎቹ በየክፍለ ሀገሩ ትምህርት ቤት ህንዳውያን መምህራን ነበሩ። ብዙዎቹ ኬረላ ከሚባለው የደቡብ ህንድ ግዛት የመጡ ናቸው። ዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማሩን መምህርም ከዚያው ነበሩ። ከእኛ ቤት የሚለያቸው አንድ አጥር ብቻ ነው። ባለቤታቸውን ማዳም ነበር የምንላቸው። ኦርቶዶክሶች ናቸው። የእነሱ ቤተ ክርስቲያንና የእኛ እኅትማማቾች ናቸው፤ ጥር 1957 ዓ.ም. ጃንሆይ የእኅት አብያተ ክርስቲያናትን አባቶች አዲስ አበባ ሲሰበስቡ የህንዱም የበላይ አባት፣ ካቶሊኮሱ፣ መጥተው ነበር። ማዳም እንደኛ ይጾማሉ፣ እንደኛ በፋሲካ ዶሮ ይሠራሉ። እናቴ ዶሮ ወጥ በሳህን ትልክላቸዋለች፤ የእሳቸው ዶሮ ደግሞ በዚያው ሳህን ይመለሳል። ሳህን ባዶውን አይመለስም።

በአገራቸው ወጥ የሚሠሩት በኮኮናት ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ኮኮናት ከየት ይመጣል? አንድ ቀን እናቴ ቅቤ ስትንጥ አገኟት። ቅቤው ከወጣ በኋላ የቀረውን አሬራ ሲያዩ ፊታቸው በራ። «ሞሩ!» አሉ። በቋንቋቸው አሬራ ማለት ነው። በእርድና በሰናፍጭ ወጥ እንደሚሠሩበት ለእናቴ በምልክት ጭምር አስረዷት። እኛ ቤት አሬራ ወይ ለልጅ ይሰጣል፣ ወይ አይብ ይሆናል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግማሹ በአጥር ያልፍ ጀመር። የማዳም ዶሮ በአሬራ የተሠራ ነበር። እናቴ ቀምሳ «ቅቤ ሳይነካው እንዴት እንዲህ ሊጣፍጥ ቻለ?» ስትል አስታውሳለሁ።

እናንተ ያወጣችሁት በቅቤና በክሬም የሚሠራው ዶሮ ሌላ ነው። የምግብ ቤት ምግብ ነው። ስሙን ያስጠራውም ህንድ በ1947 እ.ኤ.አ. ለሁለት ከተከፈለች በኋላ ሞቲ ማሃል የተባለው የዴልሂ ምግብ ቤት ነው። ጣፋጭ ነው፤ አልክድም። ግን አንድን አገር በአንድ ድስት አንለካውም። እኛም በየቀኑ ዶሮ ወጥ አንበላም።

እኔ አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። አንድ የፈረንጅ ዶሮ ቆዳውን ገፍፌ እበልታለሁ፤ ይህ ለእኛ አገር ሴት አዲስ አይደለም። በሎሚና በጨው አጥቤ፣ በአንድ ብርጭቆ አሬራ፣ በግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድና በተወቀጠ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ለሁለት ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ እዘፈዝፈዋለሁ። ሦስት ትልልቅ ቀይ ሽንኩርት አድቅቄ በደረቁ አቁላላለሁ። ዘይት የለም። እንዳይዝ ውሃ ጠብ እያደረግሁ 25 ደቂቃ ያህል። የማዳምና የእናቴ ሙያ የተገናኘው እዚህ ላይ ነው። ማዳም ሽንኩርቱን በዘይት ይጠብሱ ነበር። እናቴ ሳይጠበስ እንደሚበስል አሳየቻቸው። የእኛ ቁሌት ከዚህ ድስት ብዙ ዘይት ያስቀራል።

ሽንኩርቱ ሲጠቁር ሦስት የተፈቀፈቀ ቲማቲም፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ድንብላል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ከሙን፣ ትንሽ ቁንዶ በርበሬና የዛላ በርበሬ ዱቄት እጨምራለሁ። የወጥ በርበሬ አይሆንም፤ ውስጡ ኮረሪማና ሌላም ቅመም ስላለ ወጡ ተመልሶ ዶሮ ወጥ ይሆናል። ድንብላሉንና ከሙኑን በምጣድ አመስ አድርጌ ያን ዕለት እወቅጣለሁ። ሥጋውን ከተዘፈዘፈበት አሬራ አንጠፍጥፌ እከተዋለሁ፣ ያንን አሬራ እደፋዋለሁ። ከድኜ 30 ደቂቃ። ያበሻ ዶሮ ከሆነ ከዚያ ሌላ አንድ ሰዓት ይፈልጋል።

ጭንቁ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አሬራ እሳት ሲነካው አይብ ነው የሚሆነው። መጀመሪያ የሠራሁ ቀን አይቡ ለብቻ፣ አጓቱ ለብቻ ሆነብኝ። አንድ የሾርባ ማንኪያ የሽምብራ ዱቄት መፍትሔው ነው። ሽሮ አይደለም፤ ቅመም የሌለው ንጹሕ ዱቄት። በሁለት ብርጭቆ አሬራ በጥብጬ፣ እሳቱን አብርጄ፣ ሳላቋርጥ እያማሰልኩ አፈሰዋለሁ። የዱቄቱ ስታርች የወተቱ ፕሮቲን ተያይዞ እንዳይረጋ ያደርጋል፤ ወጡንም ክሬም እንደገባበት ያወፍረዋል። መንተክተክ የለበትም፤ ዝም ብሎ አሥር ደቂቃ ይሙቅ። አሬራ ያጣ ሰው የእርጎ ላዩን ገፍፎ በውሃ ያቅጥን።

ዘይቱ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ሁለት የሾርባ ማንኪያ፤ ለክቼ። በትንሽ መጥበሻ አግዬ ሰናፍጭ ፍሬ እበትንበታለሁ። ፍሬው መፈንዳት ሲጀምር የተከተፈ ነጭ ሽንኩርት፣ ሁለት ደረቅ ቃሪያና ቁንጥር አብሽ። ወዲያው በወጡ ላይ ገልብጬ እከድናለሁ። የቅመም ሽታ በቅባት ውስጥ ነው የሚሟሟው። ስለዚህ ዘይቱን ጨርሶ ማስቀረት ተገቢ ነው አልልም። ሥራ አለው፤ ለሥራው ግን ሁለት ማንኪያ ይበቃዋል።

አሁን አብረን እንደምር። አንድ ግራም ቅባት 9 ካሎሪ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 14 ግራም ገደማ ስለሆነ የእኔ ሁለት ማንኪያ 250 ካሎሪ ይሆናል፤ ስድስት ሰው ይካፈለዋል። የእናንተ አንድ ኩባያ ወፍራም ክሬምና፣ «እንደ ፍላጎት» ያላችሁት ቅቤ 100 ግራም ነው ብንል፣ ሁለቱ ግን ከ160 ግራም በላይ ቅባት አላቸው። ይህ ከ1,400 ካሎሪ ያልፋል። «በበቂ መጠን» የተባለው ዘይት ገና አልተደመረም። ስንት ነው እሱ? እኔ ሁለት ማንኪያ አልኩ። ጎረቤቴ አንብባ ግማሽ ኩባያ አለች። ሁለታችንም ያነበብነው አንዱን ጋዜጣ ነው።

የእናንተን ዓምድ አንብበው የሚያበስሉ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ። ስኳር ያለባቸው አሉ፣ ደም ግፊት ያለባቸው አሉ፣ አዲስ ተጋብተው ገና ድስት የሚለማመዱ ልጆች አሉ። የተጻፈውን ያምናሉ። ስለዚህ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ ከእንግዲህ በምታወጡት የምግብ አሠራር ሁሉ ዘይቱንና ቅቤውን በማንኪያ ለክታችሁ ጻፉ። ለስንት ሰው እንደሆነም ጨምሩበት።

ባለቤቴ የአሬራውን ዶሮ በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ይበላል። ሩዙን ከቀረፋ ጋር በውሃ ብቻ እቀቅልለታለሁ፤ እሱ ግን በእንጀራ ነው የሚወደው። ባለፈው ጊዜ ድስቱን በእንጀራ ጠርጎ «ይሄን ነው እንግዲህ ህንዶች የሚበሉት?» አለኝ። ኬረላ ውስጥ በአንድ ሰው ቤት፣ አዎ አልኩት።

ቦታ ካጠረባችሁ ከደብዳቤዬ ሌላውን ቁረጡት። የአሬራውንና የሁለቱን ማንኪያ ነገር ግን አስቀሩልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ የባዮሎጂ መምህርት፣ ከገርጂ፣ አዲስ አበባ